የኢነርጂ ቁሶች ተመራማሪ የኅትመትና የሳይቴሽን ቁጥር እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባትሪ፣ በሶላር ሴል፣ በሱፐርካፓሲተርና በካታሊስት ላይ የሚሠራ ሰው ፕሮፋይል ሲያነቡ ወይም የራስዎን ሲያስተካክሉ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳይቴሽን ምንድን ነው? የሚቆጥረውስ ማን ነው?

አንድ የታተመ ጥናት ሌላውን ጥናት በማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባው አንድ ሳይቴሽን ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ አሥር ጊዜ ቢያነሳውም የሚቆጠረው አንዴ ነው። ሊያመሰግነው፣ ሊነቅፈው ወይም «በዚህ ላይ ብዙ ተሠርቷል» ብሎ ከሌሎች አሥራ አምስት ጽሑፎች ጋር በጅምላ ሊያልፈው ይችላል። ቆጣሪው ይህን አይለይም።

ቆጠራውን በሥርዓት ያስጀመረው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክሱ በ1964 ወጣ፣ የዛሬው ዌብ ኦፍ ሳይንስም ከእሱ የተወለደ ነው። ሌሎቹ የሳይቴሽን ቋቶች፣ ስኮፐስና ጉግል ስኮላር፣ ሁለቱም የመጡት በ2004 ነው። ዛሬ በማመልከቻ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች በአብዛኛው ከእነዚህ ሦስቱ የተወሰዱ ናቸው።

ኤች-ኢንዴክስ እንዴት ይሰላል?

በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የሳንዲያጎ የፊዚክስ ሊቅ ያቀረበው መለኪያ ነው። ጽሑፎቹን ከብዙ ወደ ትንሽ ተጠቃሽ ይደርድሩና ተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ እስኪበልጥ ድረስ ይውረዱ። ዘጠኝ ጽሑፎች ያሉት ሰው ሳይቴሽኖቹ 120፣ 64፣ 33፣ 18፣ 11፣ 7፣ 6፣ 5 እና 2 ናቸው እንበል። ስድስተኛው 7 ስላለው ያልፋል፤ ሰባተኛው ግን 6 ብቻ ስላለው ይወድቃል። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 6 ነው። ጉግል ስኮላር የሚያሳየው አይ10 ደግሞ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱት ጽሑፎች ቁጥር ስለሆነ፣ የዚህ ሰው 5 ይሆናል።

በዚሁ ምሳሌ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ 120 መሆኑ ቀርቶ 2,000 ቢጠቀስ ኤች-ኢንዴክሱ ከ6 ንቅንቅ አይልም። በአንጻሩ ሰባተኛው ጽሑፍ አንድ ሳይቴሽን ብቻ ቢጨምር 7 ይሆናል፤ ወደ 8 ለመድረስ የሚቀሩት 5 ሳይቴሽኖች ብቻ ናቸው። ራሱን የሚጠቅስ ሰው የትኛውን ጽሑፍ «መግፋት» እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ስሌት ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጉግል ስኮላር ላይ 31 የሚለው ስኮፐስ ላይ ለምን 24 ሆነ?

የሚቆጥሩት የተለያየ ስለሆነ ነው። ጉግል ስኮላር በድረ ገጽ ላይ ያገኘውን የማስተርስና የዶክትሬት መመረቂያ፣ ያልተገመገመ ቅድመ ኅትመት፣ የጉባኤ ጽሑፍና ሪፖርት ሁሉ ይሰበስባል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚቆጥሩት ራሳቸው መርጠው ካስገቧቸው ጆርናሎችና ጉባኤዎች ብቻ ነው። ስለዚህ የጉግሉ ቁጥር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይበልጣል፤ ልዩነቱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም።

ቁጥር ሲጽፉ ምንጩንና ቀኑን አብረው ይጻፉ። ሁለት አመልካቾችን ሲያወዳድሩም አንዱን ከስኮፐስ፣ ሌላውን ከጉግል አያምጡ። ተራ ነገር ይመስላል እንጂ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ይኸው ነው።

ለባትሪ ወይም ለሶላር ተመራማሪ «ጥሩ» ኤች-ኢንዴክስ ስንት ነው?

ሂርሽ ራሱ ለፊዚክስ ሰዎች ያስቀመጠው ግምት ነበረው፦ ከ20 ዓመት ሥራ በኋላ 20 የተሳካለት፣ 40 እጅግ የላቀ፣ 60 ደግሞ ብርቅ ነው። ይህን ለኢነርጂ ቁሶች እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ኅትመትና ረጅም የማጣቀሻ ዝርዝር ያለበት መስክ ነው። በሎዛን የሚሠራው ሚካኤል ግሬትዝል፣ በ1991 ከብራያን ኦሬጋን ጋር በቀለም የሚሠራውን ሶላር ሴል ያስተዋወቀው፣ ኤች-ኢንዴክሱ ከ200 በላይ ነው። አንድ የሒሳብ ሊቅ በሩብ ያህሉ የመስኩ ቁንጮ ሊሆን ይችላል።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ዶክትሬታቸውን በዚያው ዓመት አካባቢ የጨረሱ፣ በዚያው ጠባብ ርዕስ (ለምሳሌ በሶዲየም አየን ባትሪ ካቶድ) ላይ የሚሠሩ አምስት ሰዎችን ይፈልጉና ከእነሱ ጋር ያስተያዩ። ስኮፐስ ካለዎት በመስክ የተመዘነውን የሳይቴሽን ተጽዕኖ ይመልከቱ። አንድን ጽሑፍ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መስክና በዚያው የጽሑፍ ዓይነት ከታተሙት ጋር ያነጻጽራል፤ 1.00 የዓለም አማካይ ነው፣ 1.50 ማለት ከአማካዩ 50 በመቶ የበለጠ ተጠቅሷል ማለት ነው። ጥቂት ጽሑፍ ብቻ ባለው ሰው ላይ ግን አንድ የቀናው ጽሑፍ አማካዩን ሰማይ ስለሚያደርሰው አይመኑት።

የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር የተመራማሪው መለኪያ ነው?

አይደለም። የ2024 ኢምፓክት ፋክተር ማለት በ2022 እና በ2023 የወጡት የጆርናሉ ጽሑፎች በ2024 ያገኙት ሳይቴሽን በጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል ነው። ጥቂቶች አማካዩን ይሸከማሉ፣ ብዙኃኑ ከአማካዩ በታች ናቸው። ዛሬ በስልክዎ ውስጥ ላለው ባትሪ መሠረት የሆነው የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ጥናት በ1980 የወጣው ማቴሪያልስ ሪሰርች ቡለቲን በተባለ ስመ ጥር ባልሆነ ጆርናል ነው። በ2012 መጨረሻ የተረቀቀው የሳንፍራንሲስኮ መግለጫም ኢምፓክት ፋክተርን ሰው ለመቅጠርና ለማሳደግ አትጠቀሙበት የሚል ነው።

በዚህ መስክ ሳይቴሽን የሚያግበሰብሱት የትኞቹ ጽሑፎች ናቸው?

አራት ዓይነት ናቸው፤ ፕሮፋይል ሲከፍቱ የላይኞቹን አምስት ጽሑፎች ከእነዚህ በየትኛው እንደሚመደቡ ይለዩ።

የመጀመሪያው በር ከፋች ሥራ ነው። በ2009 ኮጂማ፣ ሚያሳካና ባልደረቦቻቸው ጃፓን ውስጥ ፔሮቭስካይት የተባለውን ክሪስታላዊ ቁስ በሶላር ሴል ውስጥ አስገብተው 3.8 በመቶ ብቃት አገኙ። ፔሮቭስካይቱ በፈሳሹ ኤሌክትሮላይት ውስጥ ይሟሟ ስለነበር ሴሉ ቶሎ ይበላሽ ነበር፤ በዚህም የተነሳ ለሁለት ሦስት ዓመት ዘወር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በ2012 ፈሳሹ በጠጣር ሲተካና ብቃቱ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ግን መስኩ ፈነዳ፤ የ2009ኙ ጽሑፍ ዛሬ ከ10,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በ2011 ማንም የሳይቴሽን ቁጥሩን አይቶ ይህን ሊተነብይ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው የመሣሪያ ወይም የዘዴ ጽሑፍ ነው። በ1996 ፐርዲው፣ በርክና ኤርንዘርሆፍ ያወጡት የኤሌክትሮን ጥግግት ስሌት ቀመር ከ100,000 በላይ ተጠቅሷል። በኮምፒውተር የባትሪ ቁስ የሚያሰላ ሁሉ ስለሚጠቀምበት የግድ ይጠቅሰዋል። ሦስተኛው የዳሰሳ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ሪቪው የሚባለው ነው። ሰው መግቢያውን ሲጽፍ አሥር የመጀመሪያ ጥናቶችን ከመጥቀስ አንድ ሪቪው ጠቅሶ ያልፋል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ያላገኘ ሰው በጥሩ ሪቪው ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ሪቪው መጻፍ ነውር አይደለም፣ ጥሩ ሪቪው ዓመት ይፈጃል። ግን ከላይ ያሉት አምስቱም ሪቪው ከሆኑ «ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘኸው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛው የሞቀ ርዕስ ነው። በ2011 በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ማክሲን የተባሉት ባለ ሁለት ልኬት (እጅግ ስስ) ቁሶች ሲገኙ፣ ብዙ ሰው ቀድሞ ይሠራበት በነበረው ላይ ማክሲን እየጨመረ ማሳተም ጀመረ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ርዕሱ እስከሞቀ ድረስ ይጠቀሳል፣ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል።

ስሜ በሦስት ፕሮፋይል ተከፋፍሏል፤ እንዴት አንድ ላደርገው እችላለሁ?

ኢትዮጵያውያንን ከሁሉ በላይ ሳይቴሽን የሚያስቀረው ይህ ነው። የመረጃ ቋቶቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው፤ እኛ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አበበ ከበደ የተባለ ሰው «ከበደ፣ አ.» ተብሎ ይጠቀሳል፤ ሥራውን የሠራው ልጅ፣ የሚጠራው አባት። በሚቀጥለው ጽሑፍ ላይ የአያቱን ስም በቀለን ቢጨምር ደግሞ «በቀለ፣ አ. ከ.» የተባለ ሌላ ሰው ይወለዳል። ኃይለ ማርያምና ገብረ መድኅን የመሳሰሉ ስሞች በላቲን ፊደል ተለያይተው ሲጻፉ የመጨረሻው ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም ሆኖ «ማርያም፣ ኃ.» ይወጣል። ፀጋዬ አንድ ጊዜ በቲና ኤስ፣ አንድ ጊዜ በኤስ ብቻ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። (ሴቶቻችን ሲያገቡ ስም አለመቀየራቸው ግን ከሌላው ዓለም አንድ ራስ ምታት አድኗቸዋል።)

መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎት አንድ አጻጻፍ መርጠው ከዚያ አለመውጣት ነው፤ ድርብ ስምን በላቲን ገጥሞ መጻፍ ይሻላል። ቀጥሎ ኦርኪድ (ORCID) በተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር መዝገብ ላይ ይመዝገቡ፤ ነጻ ነው፣ 16 አኃዝ ይሰጥዎታል፣ የቀድሞ አጻጻፎችዎን ሁሉ «ሌላ መጠሪያ» በሚለው ቦታ ያስገቡ። ጽሑፍ ሲያስገቡ ቁጥሩን ሁልጊዜ ይስጡ። ከዚያ ስኮፐስ ላይ ነጻ የሆነውን የደራሲ ፍለጋ ከፍተው በእያንዳንዱ አጻጻፍ፣ ስሙን ከአባት ስም እያገላበጡም ጭምር ይፈልጉ። የእርስዎ የሆኑትን ፕሮፋይሎች በሙሉ መርጠው እንዲዋሐዱ ይጠይቁ። መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የዕድገት ማመልከቻ ከማስገባትዎ ከሁለት ወር በፊት ይጀምሩ።

ጉግል ስኮላር ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ የሌላ አበበ ከበደ የእንስሳት ሕክምና ጽሑፍ እርስዎ ገጽ ላይ ይለጠፋል። በቅንብሩ ውስጥ ጽሑፎች በራሳቸው እንዲገቡ የሚለውን አጥፍተው በኢሜይል አስቀድሞ እንዲጠይቅዎ ያድርጉ። አንድ ጽሑፍ ሁለቴ ከገባ ሁለቱን ምልክት አድርገው ያዋሕዱ። የእርስዎ ያልሆነውን ቶሎ ያውጡ፤ በሰው ሳይቴሽን የደመቀ ገጽ ከተገኘ «ማሽኑ ነው ያስገባው» የሚለውን የሚሰማ ኮሚቴ የለም።

በደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ያለኝ ቦታ ለውጥ ያመጣል?

ለኤች-ኢንዴክስ አያመጣም፤ አሥራ ሁለተኛ ሆነው ቢገቡም ሙሉውን ይወስዳሉ። ለሚያነብዎት ሰው ግን ዋናው ነገር ነው። በኢነርጂ ቁሶች ልማድ የመጀመሪያው ስም ሙከራውን የሠራው፣ የመጨረሻው የላቦራቶሪው መሪ፣ ኮከብ ምልክት ያለበት ደግሞ ደብዳቤ የሚቀበለው ተጠሪ ደራሲ ነው። የ1980ው የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲ ኮይቺ ሚዙሺማ ነው፤ ጆን ጉድኢናፍ የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። የ2019ኙን ኖቤል ከዊቲንግሃምና ከዮሺኖ ጋር የተካፈለው ጉድኢናፍ ነበር።

ዮሺኖን ካነሳን፦ በ1985 የመጀመሪያውን ለገበያ የሚበቃ ሊቲየም አየን ባትሪ የሠራው በአሳሂ ካሴይ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ የኢንዱስትሪ ሰው ሥራውን በፓተንት ያስመዘግባል እንጂ በጆርናል ብዛት አይታወቅም። ፋብሪካ ውስጥ የሠራ አመልካች ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

«ከዓለም 2 በመቶ ተመራማሪዎች አንዱ» ማለት ምን ማለት ነው?

በስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስ የሚመራ ቡድን ከስኮፐስ መረጃ የሚያወጣው ዝርዝር ነው። ሽልማት አይደለም፣ ማመልከቻም የለውም። በስድስት መለኪያዎች ድምር ያሰላል፤ ከእነዚህ ሦስቱ ሰውየው ብቸኛ፣ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ደራሲ የሆነባቸውን ጽሑፎች ለይተው ስለሚቆጥሩ ከተራ ኤች-ኢንዴክስ ይሻላል። ሁለት ሰንጠረዥ አለው፤ አንዱ የሥራ ዘመኑን በሙሉ፣ ሌላው የአንድ ዓመትን ብቻ ይመለከታል። ዩኒቨርሲቲዎች በፌስቡክ ሲያውጁ የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይናገሩም። የአንድ ዓመቱ ላይ መግባት በጣም ይቀላል።

የዌብ ኦፍ ሳይንስ ባለቤት የሆነው ክላሪቬት የሚያወጣው የከፍተኛ ተጠቃሾች ዝርዝር ሌላ ነው፤ በዓመትና በመስክ ከላይኛው 1 በመቶ የገቡ ጽሑፎችን ይቆጥራል። ክላሪቬት በ2023 ብቻ ከ1,000 በላይ ሰዎችን በሥነ ምግባር ጥርጣሬ ከዝርዝሩ አስቀርቷል።

ራስን መጥቀስ ስንት ሲደርስ ነው የሚያጠራጥር?

የተቆረጠ ገደብ የለም። ከአንድ ካቶድ ላይ ተነስቶ በተከታታይ የሚሠራ ሰው ያለፈውን ሥራውን መጥቀስ ግዴታው ነው። የሚታየው ቅርጹ ነው። ስኮፐስ ላይ የሳይቴሽን ዝርዝሩን ከፍተው የሁሉም ደራሲዎች የራስ ጥቅስ እንዲቀነስ ይምረጡና ኤች-ኢንዴክሱ ስንት እንደወረደ ይዩ። ከ22 ወደ 20 ቢወርድ የተለመደ ነው፤ ከ22 ወደ 12 ከወረደ ዝርዝሩን ያንብቡ። በተለይ ከኤች-ኢንዴክሱ ድንበር ሥር ያሉት ሁለት ሦስት ጽሑፎች በራሱ አዳዲስ ጽሑፎች ብቻ ሲጠቀሱ፣ ከላይ ያየነው ስሌት ሥራ ላይ እየዋለ ነው።

ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ውጤቱ ትክክል ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ መስክ ደግሞ ከሌላው ይልቅ አይደለም፣ ምክንያቱም የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ ለማየት የሙከራ ዘዴውን ክፍል ይክፈቱ። ሱፐርካፓሲተር ከሆነ በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ሚሊግራም ቁስ እንደተቀባ ይፈልጉ። 0.5 ሚሊግራም ላይ በግራም የሚሰላው ውጤት ድንቅ ይመስላል፤ በገበያ ያለው ኤሌክትሮድ ግን ወደ 10 ሚሊግራም ይሸከማል፣ እዚያ ላይ ያ ቁጥር አይደገምም።

ባትሪ ከሆነ የኩሎምቢክ ብቃቱን (በአንድ ዑደት ከተሞላው ቻርጅ ተመልሶ የሚወጣውን ድርሻ) በዑደቱ ብዛት ልክ በራሱ እየደጋገሙ ያባዙት። 99.5 በመቶ ጥሩ ይመስላል፣ ግን በእያንዳንዱ ዑደት 0.5 በመቶ ሊቲየም ከጠፋ ከ200 ዑደት በኋላ የሚቀረው 37 በመቶ ያህል ነው። 99.9 ቢሆን 82 በመቶ ይቀር ነበር። ጽሑፉ በ99.5 ብቃት 500 ዑደት ያለ ጉዳት ሠራ ካለ፣ ሌላኛው ኤሌክትሮድ ትርፍ የሊቲየም ብረት ነው፤ የጠፋው ከትርፉ ስለሚተካ አይታይም። ሙሉ ሴል ላይ ግን ይታያል።

ሶላር ሴል ከሆነ የሴሉ ስፋት፣ ብርሃኑን የሚወስን ጭንብል መኖሩ፣ ቮልቴጁ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ የተገኙት ሁለቱም ውጤቶች፣ እንዲሁም ብቃቱ በገለልተኛ ላቦራቶሪ መረጋገጡ ይታያል። ሃይድሮጅን አመንጪ ካታሊስት ከሆነና «ከፕላቲነም ነጻ» ከተባለ፣ ተቃራኒው ኤሌክትሮድ ፕላቲነም ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ፕላቲነሙ በጥቂቱ እየሟሟ የሚለካው ኤሌክትሮድ ላይ ይለጠፋል፤ ካታሊስቱ ቀን በቀን «እየተሻሻለ» ሲሄድ የሚሠራው ያው ፕላቲነም ነው።

ለአሜሪካ ኢቢ-1ኤ ወይም ለብሔራዊ ጥቅም ማመልከቻ ስንት ሳይቴሽን ያስፈልጋል?

ሁለቱም የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ (ግሪን ካርድ) ማግኛ መንገዶች ናቸው፤ ሕጉ ቁጥር አያስቀምጥም። ኢቢ-1ኤ ከ10 መስፈርቶች ቢያንስ 3 ማሟላትን ይጠይቃል፣ ከዚያም ማስረጃው በጥቅል ይመዘናል። የብሔራዊ ጥቅሙ መንገድ የሚመዘነው በ2016 በወጣው የዳናሳር ውሳኔ ሦስት ነጥቦች ነው። «500 ካለህ ያልፋል» የሚባለው የቴሌግራም ወሬ ነው። 150 ሳይቴሽን ያለው ሰው ማን እንደጠቀሰውና ለምን እንደጠቀሰው ካሳየ፣ ባዶ 600 ከሚያቀርበው የተሻለ ፋይል አለው። ሥራዎን ተጠቅመው ሙከራ የደገሙ ወይም የገነቡበትን አምስት ስድስት ጽሑፎች መርጠው፣ የሚጠቅሰውን ዓረፍተ ነገር አስምረው፣ አብረዋቸው ሠርተው ከማያውቁ ሰዎች ደብዳቤ ጋር ያያይዙ።

ገምጋሚው የአንድን ቡድን ስምንት ጽሑፎች ጥቀስ አለኝ። እምቢ ብል ይጣልብኛል?

መጀመሪያ ስምንቱንም ይክፈቱ፤ አንድ ሁለቱ በእርግጥ የዘለሉት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚመለከትዎትን ያስገቡ። የቀሩትን በተመለከተ በመልስ ደብዳቤው ላይ እያንዳንዱን በዲኦአይ ቁጥሩ (በጽሑፉ ቋሚ መለያ) ጠቅሰው፣ ለምሳሌ «ይህ ስለ ዚንክ ባትሪ ነው፣ የእኛ ሥራ ስለ ሶዲየም ስለሆነ አላስገባነውም» ብለው በአንድ መስመር ይመልሱ። ስሜት አይጨምሩበት።

ስምንቱም የአንድ ደራሲ ከሆኑ ደግሞ ለአርታኢው ብቻ በሚታየው የደብዳቤ ክፍል ውስጥ ይህንኑ በሁለት መስመር ያሳውቁ፤ የገምጋሚውን ማንነት መገመት ግን አያስፈልግም፣ ዝርዝሩን ማስቀመጥ ይበቃል። አርታኢው ራሱ ጥቀስ ካለዎት ደብዳቤውን ከነቀኑ ያስቀምጡና ለአሳታሚው የሥነ ምግባር ክፍል ይጻፉ። ጽሑፉን ወደ ሌላ ጆርናል ለመውሰድ ከወሰኑ በቅድሚያ በጽሑፍ ማንሳትዎን ያረጋግጡ፤ ሁለት ጆርናል ላይ በአንድ ጊዜ ከተገኘ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ።